የድሮ የዶስ ፕሮግራም በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስክሪኑን እንዲሞላ ማድረግ

ዶስን፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የነበረውን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ሲስተም፣ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ መጫን አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ፉል ስክሪን ሲባል ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ይጠቁርና የዶሱ ገጽ መሃል ላይ ጠቦ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ለሚያስገባ ወይም መዝገብ ለሚፈልግ ሰው በዚያ መጠን መሥራት ዓይን ያደክማል። ብዙ ሰው መፍትሔውን ዶስ ውስጥ ይፈልጋል፤ የስክሪን ድራይቨር ያስሳል፣ የኮንፊግ ፋይሉን ይነካካል። እዚያ የሚገኝ ነገር የለም። ዶስ ስለ ዘመኑ ስክሪን ስፋት የሚያውቀው ስለሌለ ሥራው በሙሉ የሚሠራው ከውጭ፣ በቨርቹዋል ማሽኑ ፕሮግራም በኩል ነው።

እዚህ የቁልፎች፣ የሜኑዎችና የትእዛዞች ስም በድምፁ ተጽፏል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲተየብ ግን በላቲን ፊደል ነው።

ምስሉ ለምን ያንሳል

ፉል ስክሪን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንዱ መስኮቱ ስክሪኑን በሙሉ መያዙ ነው፤ ሌላው በውስጡ ያለው ምስል ተለጥጦ ያንን ቦታ መሙላቱ ነው። ቨርቹዋል ማሽኖች የመጀመሪያውን በራሳቸው ይሠራሉ፣ ሁለተኛውን ግን ካልታዘዙ አይሠሩም። እንግዳው ሲስተም (ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የተጫነው) ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ሲሆን ጉድለቱ አይታይም፤ ጌስት አዲሽንስ የሚባለው ተጨማሪ ድራይቨር የስክሪኑን ስፋት ለእንግዳው ይነግረዋል፣ እንግዳውም ገጹን ራሱ ያሰፋል። ለዶስ እንዲህ ያለ ድራይቨር የለም።

የተለመደው የዶስ የጽሑፍ ገጽ 80 ዓምድና 25 መስመር ነው። እያንዳንዱ ፊደል 9 ፒክስል ወርድና 16 ፒክስል ቁመት ስላለው ገጹ በጠቅላላ 720 በ400 ፒክስል ይሆናል። ይህ 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ ሳይለጠጥ ሲቀመጥ የስክሪኑን አንድ ሰባተኛ እንኳን አይሞላም። ስክሪኑ ባለ 4ኬ ከሆነ ደግሞ ከሃያ ስምንት እጅ አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው።

በድሮው የቲዩብ ሞኒተር ይህ ችግር አልነበረም። የስክሪን ካርዱ የላከለትን መስመር ሁሉ፣ 400ም ይሁን 480፣ ሞኒተሩ መስታወቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋው ነበር። መስታወቱ ደግሞ ባለ 4 ለ3 ቅርጽ ነበር። ስለዚህ 720 በ400 የነበረው ገጽ ሲታይ ከፒክስሎቹ ቁጥር ይልቅ ቁመቱ ረዘም ያለ ነበር። የጨዋታዎቹ 320 በ200 ገጽም እንደዚያው፤ እያንዳንዱ ፒክስል ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ በ1.2 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ይህን ማወቅ በኋላ ይጠቅማል፤ ምስሉን እንዴት መለጠጥ እንዳለብን የሚወስነው እሱ ነው።

መሣሪያውን መምረጥ

ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራምን በቀጥታ አያስኬድም። ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ስልት ሲሠራ ቨርቹዋል 8086 የሚባለው የአሠራር ስልት ስለማይገኝ፣ በ32 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ ዶስን ያስኬድ የነበረው ኤንቲቪዲኤም በ64 ቢቱ ውስጥ አልገባም። በ32 ቢቱም ቢሆን ከቪስታ ጀምሮ በአዲሱ የስክሪን ድራይቨር አሠራር ምክንያት ኦልትና ኢንተር ሲጫኑ ሲስተሙ ፉል ስክሪንን እንደማይደግፍ የሚናገር መልእክት ብቻ ይመጣል። ዊንዶውስ 11 ጭራሹኑ 32 ቢት የለውም።

የሚቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ምርጫውም እንደ ፕሮግራሙ ዓይነት ይለያያል። የሒሳብ፣ የመዝገብና የጽሑፍ ሥራ ፕሮግራም ከሆነ ቨርቹዋልቦክስ ወይም ቪኤምዌር በሚባሉት የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሞች ውስጥ እውነተኛ ዶስ መጫን ይሻላል፤ የፋይል አያያዙ ፕሮግራሙ እንደሚጠብቀው ይሆናል። ጨዋታ ወይም ፍጥነቱ በድሮ ፕሮሰሰር የተለካ ፕሮግራም ከሆነ ዶስን ራሱ አስመስሎ የሚሠራው ዶስቦክስ ይመረጣል። ፕሪንተርና የጋራ ፎልደር የግድ ካስፈለገ ደግሞ ዊንዶውስ ኤክስፒን እንግዳ አድርጎ ፕሮግራሙን በእሱ ውስጥ ማስኬድ ይቻላል። በሦስቱም ላይ ስክሪኑን የሚሞላው ቅንብር የተለያየ ነው።

ማሽኑን በቨርቹዋልቦክስ ማዘጋጀት

አዲስ ማሽን ሲፈጥሩ ዓይነቱን አዘር፣ ቨርዥኑን ዶስ ይበሉት። ሜሞሪው 32 ሜጋባይት ይበቃል። መጨመር ያሻሽላል ብሎ 2 ጊጋባይት መስጠት ጉዳት ነው፤ አንዳንድ የድሮ ፕሮግራሞች የሜሞሪውን መጠን የሚይዙበት ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሜሞሪ ሲያገኙ ቁጥሩ ይሞላባቸውና ሜሞሪ አነሰኝ ብለው ይቆማሉ።

ዲስኩን 500 ሜጋባይት ያድርጉት፣ ዓይነቱ ቪኤችዲ፣ መጠኑም ቋሚ ይሁን። ፋት16 የሚባለው የዶስ የፋይል አደራደር ከ2 ጊጋባይት በላይ ክፍልፋይ አይዝም፤ እስከዚያ ድረስ ቢሄድም የፋይል መያዣ ክፍሉ ወደ 32 ኪሎባይት ያድጋልና ብዙ ትናንሽ ፋይል ባለበት ቦታ ይባክናል። በ500 ሜጋባይት ላይ ክፍሉ 8 ኪሎባይት ነው። ቪኤችዲ የሚመረጠው ዊንዶውስ ራሱ ሊከፍተው ስለሚችል ነው፤ ፋይል ስናስገባና ስናወጣ ይጠቅማል።

ከመጀመሪያው ማስነሳት በፊት ሴቲንግ ውስጥ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ዲስኩ አይዲኢ በሚባለው የድሮ የዲስክ ማገናኛ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ዶስ በአዲሱ፣ በሳታ፣ ላይ ያለውን ላያየው ይችላል። ኢኤፍአይ የሚለው ምልክት መጥፋት አለበት። ሲስተም በሚለው ክፍል ፖይንቲንግ ዲቫይስ ፒኤስ2 ማውስ መሆን አለበት፤ ዩኤስቢ ታብሌት ተብሎ ከተተወ ዶስ ውስጥ ማውሱ ላይሠራ ይችላል። ድምፅ ካስፈለገ ሳውንድብላስተር 16ን ይምረጡና ብላስተር የሚለውን መስመር ኤ220 አይ5 ዲ1 ኤች5 ቲ6 ብለው ዶስ ሲነሳ በሚያነበው አውቶኤግዜክ ፋይል ውስጥ ይጻፉ።

ዋናው ኮምፒውተር ላይ ሃይፐር-ቪ የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ክፍል ከበራ ቨርቹዋልቦክስ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ አያገኝም፤ በመስኮቱ ግርጌ የኤሊ ምልክት ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው። ዶስ በዚህ ሁኔታ ይንቀራፈፋል፤ የኪቦርድ ምት እስከ መዘግየት ይደርሳል። ሃይፐር-ቪን ማጥፋትና ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል።

ለዶሱ ራሱ የኤምኤስዶስ 6.22 ዲስኬት ከሌለ በነፃ የሚገኘው ፍሪዶስ ጥሩ ምትክ ነው፤ 1.3 በ2022፣ 1.4 ደግሞ በ2025 ወጥተዋል። የሲዲ ምስሉን ማሽኑ ላይ ሰክተው ያስነሱ፣ ዲስኩን እንዲከፋፍል ይፍቀዱ፣ ሲጠይቅ ሪስታርት ያድርጉ፣ ከዚያ ፎርማት አድርጎ ይጭናል። ሲጨርስ ሲዲውን ማውጣት እንዳይረሳ፤ ካልወጣ ተመልሶ ወደ መጫኛው ይገባል። ሲነሳ በሚመጣው ሜኑ ላይ ጄምኤክስ የሚባለውን የሜሞሪ ማስተዳደሪያ የሚጭነው ምርጫ ኤክሴፕሽን የሚል ቁጥር እያሳየ ከቆመ ጥቂት ድራይቨር ብቻ የሚጭነውን ምርጫ ይውሰዱ። ኢኤምኤም386ን የመሰለ የሜሞሪ ማስተዳደሪያ፣ ፕሮግራሙ ኤክስፓንድድ ሜሞሪ በግልጽ ካልጠየቀ በስተቀር ባይጫን ይሻላል። በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ፋይልስ የሚለውን መስመር ግን 60 ያድርሱት፤ የመዝገብ ፕሮግራሞች ከነማውጫዎቻቸው ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ይከፍታሉ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፋይሉ በቦታው እያለ ሊከፈት አልቻለም የሚል ስህተት ያሳያሉ።

ስክሪኑን መሙላት

ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ሆስት የሚባለው ቁልፍ በተለምዶ የቀኙ ኮንትሮል ነው። ሆስትና ኤፍ አብረው ሲጫኑ ፉል ስክሪን ይሆናል፤ ደግመው ሲጫኑ ይመለሳል። ይህ የመጀመሪያው ሥራ ብቻ ነው። ለሁለተኛው ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ የማጉያ መጠን መስጠት ነው። ማሽኑ እየሠራ ቪው የሚለውን ሜኑ ይክፈቱ፣ ቨርቹዋል ስክሪን 1 ውስጥ ይግቡና ስኬል ቱ 200 ፐርሰንት የሚለውን ይምረጡ። በሴቲንግ በኩል ዲስፕሌይ ውስጥ ስኬል ፋክተር የሚለውም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። በ200 ፐርሰንት 720 በ400 የነበረው 1440 በ800 ይሆናል፤ በ1080 ስክሪን ላይ ጥቁር ዳር ቢቀርም ፊደሉ በደንብ ይነበባል። ለጽሑፍ ፕሮግራም የምንመክረው ይህንን ነው። 200 ፐርሰንት ማለት አንዱ ፒክስል በትክክል ሁለት በሁለት ይሆናል ማለት ስለሆነ የፊደሉ ጠርዝ አይደበዝዝም። 175 ላይ ግን አንዳንዱ የፊደል ቋሚ መስመር ወፍራም፣ አንዳንዱ ቀጭን ይሆናል፤ ወይም ማለስለሻው ሁሉንም ያደበዝዘዋል። በ4ኬ ስክሪን ላይ ሲስተሙ ራሱ የሚያጎላው ስለሚጨመርበት የሚወጣው መጠን ከተጠበቀው ይለያል፤ እዚያ ቁጥሩን እየለወጡ በዓይን ማየት ይሻላል።

ሌላው ስኬልድ ሞድ ነው፤ ሆስትና ሲ። በዚህ ጊዜ ምስሉ መስኮቱን ምንጊዜም ይሞላል፣ መስኮቱ ቢጠብም ቢሰፋም አብሮ ይለጠጣል። ሜኑው ይጠፋል፤ ሆስትና ሆም ሲጫኑ ብቅ ይላል። መስኮቱን ማክሲማይዝ አድርጎ የዋናውን ኮምፒውተር ታስክባር ራሱን እንዲደብቅ ማድረግ ነው፤ ከላይ አንዲት የርእስ መስመር ብቻ ትቀራለች። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ፕሮግራሙ በሥራ መሃል ከጽሑፍ ወደ ግራፊክስ ሲቀያየር ነው። ገበታ ወይም የኅትመት ቅድመ እይታ ሲከፈት ገጹ ከ720 በ400 ወደ 640 በ480 ይዞራል፤ በማጉያ መጠን ከሆነ ምስሉ መጠኑንና ቦታውን ይለዋውጣል፤ በስኬልድ ሞድ ግን ሁልጊዜ መስኮቱን ሞልቶ ይቆያል።

ጉዳቱ ቅርጽን አለመጠበቁ ነው። ለጽሑፍ ገጽ ብዙም አያስታውቅም፤ 720ን ለ400 ብናካፍል 1.8 ነው፣ የዛሬው ባለ 16 ለ9 ስክሪን ደግሞ 1.78 ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። ለግራፊክስ ግን ከባድ ነው። 640 በ480 የሆነ ሥዕል ወደ 16 ለ9 ሲለጠጥ ክቡ ሞላላ ይሆናል። የንድፍ ሥራ ፕሮግራም የሚያስኬድ ሰው በዚህ ስልት ምስሉን አምኖ ልኬት ባይወስድ ይሻላል። 

ፉል ስክሪን ላይ እያሉ ማውሱ ወደ ታች ሲወርድ ብቅ የምትለው ትንሽ የመሣሪያ ሰሌዳ የዶሱን የመጨረሻ መስመር ትሸፍናለች። ብዙ የዶስ ፕሮግራሞች የኤፍ ቁልፎችን ዝርዝር የሚጽፉት እዚያው 25ኛው መስመር ላይ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዩዘር ኢንተርፌስ በሚለው ክፍል ሚኒ ቱልባርን ማጥፋት ወይም ወደ ላይኛው ጠርዝ ማዛወር ይቻላል። ሲያጠፏት መውጫው ሆስትና ኤፍ ብቻ መሆኑን ለሚጠቀመው ሰው ይንገሩት።

ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ከ2024 ወዲህ በነፃ ስለሚገኝ ይህ ሁሉ ለሚያሰለቸው ሰው ጥሩ አማራጭ ነው። ፉል ስክሪኑ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኢንተር ነው። ቪው ሜኑ ውስጥ ስትሬች ጌስት የሚል ምርጫ አለ፤ ከሥሩ ኪፕ አስፔክት ሬሾ የሚለውን ሲመርጡ ምስሉ የፒክስሎቹን ቅርጽ እንደያዘ ስክሪኑን እስከሚችለው ድረስ ይሞላል። ፉል ስክሪንና መለጠጥ በአንድ ላይ በቀላሉ የሚገኙት እዚህ ስለሆነ፣ ሥራው ጽሑፍና ግራፊክስ የተቀላቀለበት ከሆነ ቪኤምዌርን እናስቀድማለን። ሊኑክስ ላይ ኪዩኢኤምዩ የሚባለውን የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ደግሞ ቪው ውስጥ ዙም ቱ ፊት የሚለውን አብርቶ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ ይጫን።

ኪቦርድና ማውስ

ፉል ስክሪን ላይ ማውሱ ዶስ ውስጥ ክሊክ ሲደረግ ይያዛል፤ የሚለቀው ሆስት ቁልፍ ሲጫኑ ነው። ቪኤምዌር ላይ ኮንትሮልና ኦልት አብረው ይለቁታል። ፍሪዶስ ሲቲማውስ የሚባል ድራይቨር ይዞ ይመጣል፤ ያለ እሱ ማውሱ ቢያዝም አይንቀሳቀስም።

ፕሮግራሙ የቀኙን ኮንትሮል የሚጠቀም ከሆነ የሆስት ቁልፉን መለወጥ የግድ ነው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ኢንፑት የሚለውን ከፍተው ለምሳሌ ስክሮል ሎክን ይስጡት፤ የዶስ ፕሮግራሞች እምብዛም አይነኩትም። ኦልትና ታብ፣ ኦልትና ኤፍ4 የመሳሰሉት ወደ ዶሱ እንዲሄዱ አውቶ ካፕቸር ኪቦርድ መብራት አለበት፤ ካልበራ ኦልትና ኤፍ4 ዶሱ ውስጥ ያለውን ገጽ በመዝጋት ፈንታ ማሽኑን በሙሉ ልዝጋ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጽሑፍ ፕሮግራሞች እንዲህ ያሉ ጥምር ቁልፎችን አብዝተው ስለሚጠቀሙ ከሥራ በፊት አንድ በአንድ መሞከር ይገባል።

የፕሮሰሰር ጭነትና ፍጥነት

ዶስ ሥራ ሲያጣ ማረፍን አያውቅም። ቁልፍ ተጫነ ወይ እያለ በዙር ይጠይቃል፤ ቨርቹዋል ማሽኑም ይህን እንደ ሥራ ስለሚቆጥረው አንድ የፕሮሰሰር ኮር 100 ፐርሰንት ይያዛል፣ ማራገቢያው ይጮሃል፣ የላፕቶፕ ባትሪ ያልቃል። ፍሪዶስ ላይ አውቶኤግዜክ ፋይሉ ውስጥ ኤፍዲኤፒኤም ብለው ኤፒኤምዶስ የሚለውን ቃል አስከትለው ይጻፉ፤ ዶስ የሚጠብቅበትን ጊዜ ለፕሮሰሰሩ እረፍት ያደርገዋል። ኤምኤስዶስ 6 ላይ ፓወር የሚባለው ድራይቨር ተመሳሳይ ሥራ አለው። ኪቦርዱን በራሱ መንገድ የሚያነብ ፕሮግራም ላይ ግን ሁለቱም ላይረዱ ይችላሉ።

ተቃራኒው ችግር ፍጥነት መብዛቱ ነው። በቱርቦ ፓስካል የተጻፈ ፕሮግራም ገና ሲከፈት ራንታይም ኤረር 200 ብሎ ከሞተ ምክንያቱ ይህ ነው። ሲአርቲ የሚባለው ክፍል ሲነሳ በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ አንድ ዙር ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ይቆጥርና ለ55 ያካፍለዋል፤ ውጤቱ 65535ን ካለፈ የተመደበለት ቦታ አይበቃውም፣ ፕሮሰሰሩም የማካፈል ስህተት ያሰማል። በቨርቹዋልቦክስ ኤግዚኪውሽን ካፕ ፕሮሰሰሩን መቀነስ ይህን አይፈውስም፤ ካፑ ፕሮሰሰሩን እያስቆመ እያስኬደ አማካዩን ነው የሚቀንሰው፣ በሚሮጥበት ቅጽበት ግን ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ነው። መድኃኒቱ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ማስተካከያ ፕሮግራሙን ማረም፣ ወይም ወደ ዶስቦክስ መውሰድ ነው።

ዶስቦክስ ላይ

ዶስቦክስ ኦልትና ኢንተር ሲጫኑ ፉል ስክሪን ይሆናል፤ ማውሱ በኮንትሮልና ኤፍ10 ይለቀቃል። በ2019 የወጣው 0.74-3 ከነ ነባር ቅንብሩ ሲተው ግን ወይ ስክሪኑ ይጠቁራል ወይ ምስሉ ትንሽ ይሆናል። ነባሩ ሞኒተሩን ራሱን ወደ ድሮው መጠን ለመለወጥ ስለሚሞክር፣ የዛሬ ሞኒተሮች ደግሞ ያንን መጠን ሁልጊዜ ስለማይቀበሉ ነው።

የኮንፊግ ፋይሉን ይክፈቱ፤ ዊንዶውስ ላይ በስታርት ሜኑው የዶስቦክስ ፎልደር ውስጥ ኦፕሽንስ በሚል ይገኛል። ኤስዲኤል በሚለው ክፍል ፉልስክሪንን ትሩ፣ ፉልሬዞሉሽንን ዴስክቶፕ፣ አውትፑትን ኦፕንጂኤል ያድርጉ። ሦስቱ አብረው ካልተለወጡ አይሆንም፤ ፉልሬዞሉሽን ዴስክቶፕ ሆኖ አውትፑት ሰርፌስ እንደሆነ ከቀረ ምስሉ አይለጠጥም፣ ያው ጥቁር ዳር ይመለሳል። ሬንደር በሚለው ክፍል አስፔክትን ትሩ ያድርጉ፤ ያኔ 320 በ200 የሆነው ገጽ የድሮ 4 ለ3 ቅርጹን ያገኛል። በ1080 ስክሪን ላይ ይህ 1440 በ1080 ነው፤ ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር ዳር ስህተት አይደለም፣ እሱን ለማጥፋት መለጠጥ ፊቶችን ያሰፋል። 1920 በ1200 የሆነ ስክሪን ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ 320ን በ5፣ 200ን በ6 ሲያባዙ 1600 በ1200 ይሆናል፣ በትክክል 4 ለ3፣ በሙሉ ቁጥር። ፒክስሎቹ ጥርት ብለው እንዲታዩ ለሚፈልግ ከኦፕንጂኤል ይልቅ ኦፕንጂኤልኤንቢ የሚለው አለ፤ ማለስለሻውን ያጠፋል።

ፍጥነቱ ሳይክልስ በሚለው መስመር ይወሰናል። ለ286 ዘመን ፕሮግራም ፊክስድ 3000 ጥሩ መነሻ ነው፤ ፕሮግራሙ እየሠራ በኮንትሮልና ኤፍ12 ይጨመራል፣ በኮንትሮልና ኤፍ11 ይቀነሳል። ጽሑፍ ወይም ሥዕል ሲንሸራተት የሚታየው ትንሽ መንቀጥቀጥ ከዚህ ጋር አይያያዝም፤ የቪጂኤ 320 በ200 ገጽ በሰከንድ 70 ጊዜ ይታደስ ነበር፣ የአብዛኛው የዛሬ ሞኒተር ግን 60 ነው።

ዶስቦክስ የተሠራው ለጨዋታ ነው። የመዝገብ ፕሮግራም ለሁለት ሰው በአንድ ፋይል ላይ ሲሠራ የሚመካበትን የመቆለፍ ሥራ 0.74 በአግባቡ አይሠራም፤ አንድ የዳታ ፎልደር ከሁለት ቦታ ከተከፈተ ማውጫው ይበላሻል። ለሥራ ፕሮግራም ከዚሁ ወገን መምረጥ ካስፈለገ ዶስቦክስ-ኤክስን ይውሰዱ፤ ኅትመትንም ይደግፋል።

ኤክስፒ እንግዳ ሲሆን

ኤክስፒ ውስጥ የዶስ መስኮቱ ላይ ኦልትና ኢንተር ሲጫኑ ኤንቲቪዲኤም ቨርቹዋል ካርዱን ወደ ጽሑፍ ስልት ይቀይረዋል። በዚያች ቅጽበት የጌስት አዲሽንስ ድራይቨር ከጨዋታ ውጭ ስለሚሆን፣ እስከዚያ ስክሪኑን ሞልቶ የነበረው ኤክስፒ ወደ ትንሿ ገጽ ይመለሳል። ስለዚህ የላይኛው የማጉያ ሥራ እዚህም ይሠራበታል። ቀለል ያለው መንገድ ፉል ስክሪኑን ትቶ የኤክስፒውን ስክሪን መጠን ዝቅ ማድረግና የዶስ መስኮቱን ፎንት ማሳደግ ነው፤ የመስኮቱን ርእስ በቀኝ ክሊክ ከፍተው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፎንት የሚለውን ይለውጡ። ይህ ለጽሑፍ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ግራፊክስ ሲመጣ ኤክስፒ ራሱ ወደ ፉል ስክሪን ይወስደዋል።

የኤክስፒ ትልቁ ጥቅም ፕሪንተር ነው። ሼር የተደረገ ፕሪንተርን ኔት ዩዝ በሚለው ትእዛዝ ከኤልፒቲ1 ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ የዶሱ ፕሮግራም ወደ ኤልፒቲ1 የላከው ወደዚያ ፕሪንተር ይሄዳል። ፕሪንተሩ ግን የፕሮግራሙን ቋንቋ፣ ለምሳሌ ፒሲኤልን፣ ማወቅ አለበት፤ በዊንዶውስ ድራይቨር ብቻ የሚሠራ ርካሽ ፕሪንተር የሚያወጣው ባዶ ወይም የተዘባረቀ ወረቀት ነው። ኤክስፒ ከ2014 ጀምሮ የደኅንነት ማስተካከያ ስለማይወጣለት ኢንተርኔት እንዳያገኝ ያድርጉ።

ፋይል ማስገባት፣ ሰዓትና አዘጋግ

ከቨርቹዋል ማሽኑ ጋር የሚመጣ የጋራ ፎልደር ለዶስ የለም። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ቪኤችዲውን በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት አታች ቪኤችዲ በሚለው ይክፈቱት፣ ፋይሉን ያስገቡ ወይም ይቅዱ፣ ከዚያ ዲታች ያድርጉ። የፋይል ስም ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ እንዳይበልጥ። ማሽኑ ሴቭ ስቴት ላይ (ሳይዘጋ፣ ያለበት ሁኔታ ተቀምጦ ተኝቶ) እያለ ግን ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ ዶሱ የዲስኩን ሰንጠረዥ በሜሞሪው እንደያዘ ስለተኛ ሲነቃ የድሮውን ሰንጠረዥ በአዲሱ ላይ ይጽፍበታል፣ ዳታውም ይጠፋል።

ሴቭ ስቴት ለሥራ ፕሮግራም በሌላም ምክንያት አይመከርም። ዶስ ሰዓቱን ከባትሪው ሰዓት የሚያነበው ሲነሳ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሰከንድ 18.2 ጊዜ የሚመታውን ምት እየቆጠረ ይሄዳል። ማታ ተኝቶ ጠዋት የነቃ ማሽን አሁንም ትናንት ማታ ላይ ነው፤ የሚቆረጠው ደረሰኝ ሁሉ የትናንት ቀን ይይዛል። ስለዚህ በየቀኑ መዝጋትና እንደገና ማስነሳት ነው። አዘጋጉም ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ከፕሮግራሙ ወደ ሲ መጠየቂያው ይውጡ፣ ስማርትድራይቭ (ወደ ዲስክ የሚጻፈውን ለጊዜው በሜሞሪ የሚያቆይ ፕሮግራም) ካለ የያዘውን ወደ ዲስክ እስኪያወርድ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ኤፍዲኤፒኤም ፓወርኦፍ ብለው ያጥፉ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ የመስኮቱን ኤክስ መጫን ኮምፒውተሩን ከሶኬት እንደመንቀል ነው።

በየቀኑ ለሚጠቀምበት ሰው

አውቶኤግዜክ ፋይሉ መጨረሻ ላይ የፕሮግራሙን ፎልደርና የማስጀመሪያ ስም ይጻፉ፣ ከሥሩ ደግሞ የፓወርኦፍ ትእዛዙን ያስከትሉ። ሠራተኛው ከፕሮግራሙ ሲወጣ ማሽኑ በራሱ ይጠፋል። አስጀማሪው ባች ፋይል ከሆነ ኮል የሚለውን ቃል ከፊቱ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ዶስ ወደ ቀጣዩ መስመር አይመለስም፣ ማሽኑም አይጠፋም።

ዴስክቶፕ ላይ ሾርትከት ለመፍጠር ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ማሽኑን በቀኝ ክሊክ ይዘው ክሪኤት ሾርትከት የሚለውን ይምረጡ። ማሽኑ ፉል ስክሪን ላይ እያለ ከጠፋ በሚቀጥለው ጊዜም በፉል ስክሪን ይነሳል፤ የማጉያ መጠኑም አብሮ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ሁለት ሞኒተር ካለው ፉል ስክሪኑ ባልተፈለገው ላይ ሊከፈት ይችላል፤ በቪው ሜኑ የትኛው ሞኒተር እንደሚጠቀም አንድ ጊዜ መርጠው ማሽኑን እዚያው ላይ ሳለ ያጥፉት።